የሚያነክስ ድምፅ

ቡሬ ከመናኸሪያው ኋላ፣ በተከራየኋት ጓዳ፣
አሥራ አንድ የስፌት መኪና ቆሟል ተደግፎ ግድግዳ።
አልጋዬ ቦታ ለቀቀ፣
ሳጥኔ ደጅ ወደቀ፣
እኔም ከሁለት ሲንጀር መሀል፣ ጎኔ እየተጨነቀ
እተኛለሁ።

«ምን ነካት ይቺን ልጅ» ይላሉ፤ «ትዳር ቢሏት ብረት ለቀመች፣
ወርቅ ቢሏት ዝገት ሸመተች።»
ይበሉ።
ዝገቱን በጨርቅ ስገፈው፣ ከሥሩ ወርቅማ ሐረግ አለ፤
የሴት ፊት ያላት አንበሳ፣ ግማሽ ክንፏ የተፋቀ፣
በስንት ሰፊ መዳፍ ላብ፣ በስንት ዘመን የደቀቀ።

ከቁጭ አንዱን በአህያ፣ ከሽንዲ አንዱን በአይሱዙ፣
አንዱንም ከዶሮ ቤት፣ ከነእንቁላሉ፣ ከነጓዙ።
ላምባ አጠጣቸዋለሁ፤ ሦስት ቀን፣ ሦስት ሌሊት፤
ከዚያ በላባ ጫፍ ዘይት፣
ጠብ... ጠብ... በየቀዳዳው፣ በየጓዳው፤
የዛገ ብሎን አይገደድም፤
እንደ አኩራፊ እንግዳ ይለመናል፣ እስኪበርደው።

ለምን? ለሚለኝ፦ ብጣሽ አለ፣ ከሰፊ በረንዳ የሚጣል፤
የተማሪ ካኪ ጉማጅ፣ የሙሽራ ሳቲን ቅዳጅ፣
ብቻውን አፍንጫ የማይጠርግ፣
ከጎረቤቱ ሲሰፋ ግን ሁለት ሰው የሚያለብስ።
በእኛ አገር ስሙ ድሪቶ ነው፤ ለድኻ የተሰጠ ስድብ።
«የቡሉኮ አገር ልጅ ሆነሽ ድሪቶ!» ይላል ዘመድ ሲሰበሰብ።
ቡሉኮ አንድ ቀለም ነው፤ ያሞቃል፤ ዝም ይላል።
ድሪቶ ግን በጨለማ፣ ጣቴ ሲያገኘው ያወራል፦
ይቺ የጎረቤቴ የእናና የልጇ ክርስትና ቀሚስ፣
ይቺ የሚሊሻው የአያ ስመኝ፣ ቁልፍ የበሳው ኪስ።

አሥራ አንደኛው የአያ ቢተው ነው።
አርባ ዓመት ሰፍቶበት ሞተ፤
ልጆቹ በኪሎ ሊሸጡት፣
ለብረት ነጋዴ ሲያወጡት፣
ደርሼ ገዛሁት።
የመርገጫው ዘንግ ተሰብሮ፣ በሽቦ አስሮት ነበር፤
ፈታሁት። ሽቦውን ጣልኩት።
አዲስ ዘንግ አሠራሁ፤ ጠፍሩን ለወጥኩ፤
ጥርሱን በጥርስ ብሩሽ ፈተግኩ።
ክረምቱ ሲወጣ መኪናው ሄደ፤
ኮሽ ሳይል፤ ዘይት በዘይት ላይ እንደሚፈስ።
ኮራሁ።

እትየ ያምሮት መጡ፤ የአያ ቢተው ባለቤት፤
ከደጄ ቆመው፣ ነጠላቸውን እንዳዘቀዘቁ፣
«አንድ ጊዜ ርገጪልኝ» አሉ፤ «ድምፁን ልስማው፤ ሌላ አልሻም።»
ረገጥኩ።
ጆሯቸውን አዘነበሉ።
«ይኼ የሱ አይደለም፣ ልጄ። የሱ ያነክሳል።
ሁለት ረግጦ አንድ ይዘላል።
በዚያ ነበር የማውቅለት፣ ከማጀቴ ሆኜ፣
ሲናደድ፣ ሲደክመው፣
ደንበኛ ዋጋ ሲያዋርደው።
ይኼማ የጤነኛ ሰው ድምፅ ነው።»

ምን ልበል?
ሲመሽ፣ በባትሪ ብርሃን፣ የወዳደቀ ብረት ከማጠራቅምበት ቆርቆሮ
ብሎን፣ ሞላ፣ የጎበጠ መርፌ ስበረብር፣
ሽቦዋን አገኘኋት፤
የሱ ጣት እንዳጠማዘዛት፣ በሦስት ዙር፣ በአንድ ቋጠሮ።
ጤነኛውን ዘንግ ነቀልኩ፤
አሮጌውን መለስኩ፤
እንዳሰረው አሰርኩ።
ረገጥኩት፦
ጠቅ፣ ጠቅ። ...
ጠቅ፣ ጠቅ። ...

አሁን በየገበያው ቀን፣ ጌሾ ሸጠው ሲመለሱ፣
እትየ ያምሮት ይገባሉ። ቃል አያወጡም።
የድሪቶዬን አንድ ጫፍ ከጉልበታቸው ላይ እዘረጋለሁ፤
ሌላውን ጫፍ ለመኪናው አቀብዬ እሰፋለሁ።
ስፌቱ አንዳንድ ቦታ ይዘላል። አልተረትረውም።

ባለፈው፣ ክሩን በጥርሴ ስቆርጥ፣
ቀና ብለው፣ ለእኔ ሳይሆን፣
«ዛሬስ ተቻኩሏል» አሉ።